አሮጌ ባርኔጣ በኦንላይን ጨረታ፦ ላቪንግተን ተቀምጦ ለሚገዛ

አሮጌ ባርኔጣ በኦንላይን ጨረታ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድም ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር በእጁ መያዝ አለበት፤ የራሱን የጭንቅላት ልክ በሴንቲሜትር፣ የባርኔጣውን የውስጥ ፎቶግራፍ ደግሞ ከሻጩ። ሻጭ ፊት ለፊት የሚያሳየው ቅርጹን፣ ቀለሙንና ዙሪያውን የታሰረውን ጥብጣብ ነው። ዕድሜው፣ ጤናውና ለእርስዎ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ተገልብጦ ሲታይ ነው።

ይህን የምጽፈው ናይሮቢ፣ ላቪንግተንና አካባቢው ለሚኖር፣ በቤተሰብ አልበም ውስጥ አያቱ ደፍተውት የተነሡትን ዓይነት ባርኔጣ ለሚፈልግ ወገኔ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፎች ላይ ከነጩ ሻሽ በላይ የሚታየውን ጥቁር ሰፊ ባርኔጣ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በካኪ ልብስ ይደፉት የነበረውን የቡሽ ባርኔጣ ሁላችንም እናውቃለን። የእነዚህ ዘመዶች ዛሬም በየቀኑ ጨረታ ላይ ይወጣሉ። አብዛኞቹ የሚሸጡት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ነው፤ እርስዎ ያሉት ናይሮቢ ነው። መመሪያው በመካከል ስላለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ጭንቅላትዎን ይለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱ። ከጆሮ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ በግንባር መካከል አሳልፈው፣ ከኋላ ባበጠው አጥንት ላይ ያዙሩት። አያጥብቁት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይለኩና ትልቁን ይያዙ። ጸጉርዎ ሹሩባ ከሆነ ወይም እያደገ ከሆነ ባርኔጣውን ሲደፉ በሚኖረው ሁኔታ ይለኩ።

አሁን ቁጥሩን ወደየአገሩ ልክ መመለስ ነው። 58 ሴንቲሜትር በአሜሪካ 7¼፣ በእንግሊዝ ደግሞ 7⅛ ነው። የእንግሊዙ ቁጥር ሁልጊዜ ከአሜሪካው በአንድ ስምንተኛ ያንሳል፤ አንድ ስምንተኛው ወደ አንድ ሴንቲሜትር ይጠጋል። የእንግሊዝን ባርኔጣ በአሜሪካ ቁጥር የገዛ ሰው የሚሰፋው ባርኔጣ ይደርሰዋል፤ የአሜሪካውን በእንግሊዝ ቁጥር የገዛ ደግሞ አናቱ ላይ የሚቀር። የጣሊያኖቹ ብዙውን ጊዜ በሴንቲሜትር ስለሚጻፉ ይቀላሉ።

የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ግን አይመኑ። የውስጡ ቆዳ በሰባና በሰማንያ ዓመት ውስጥ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ባርኔጣውንም አብሮ ይስበዋል። ስለዚህ ሻጩ ሜትሩን ከውስጥ በኩል ዙሪያውን አዙሮ የለካውን እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሲያመነቱ አንድ ሴንቲሜትር የሚበልጠውን ይምረጡ። የሰፋ ባርኔጣ ከቆዳው ሥር በሚገባ ቀጭን ስፖንጅ ወይም በታጠፈ ወረቀት ይስተካከላል፤ ጠባብ ሆኖ የመጣን አሮጌ ባርኔጣ በግድ ማስፋት ግን ቆዳውን ይቀድደዋል።

ከመጫረት በፊት እጅዎን ያለማምዱ

በስክሪን የማይታወቅ ነገር አለ፤ እሱም የጨርቁ ስሜት ነው። ጥሩ ባርኔጣ የሚሠራው ከጥንቸል ወይም ከቢቨር ለስላሳ ጸጉር ነው፤ ርካሹ ከበግ ሱፍ። ሁለቱም በሙቀት፣ በውኃና በግፊት ተዳምጠው ፌልት ይሆናሉ፤ ፎቶ ላይም ይመሳሰላሉ። በእጅ ሲያዙ ግን የጥንቸሉ ቀጭን፣ ለስላሳና ታጥፎ የሚመለስ ነው፤ የበጉ ወፍራም፣ ሻካራና ውኃ ሲነካው የሚወላገድ።

ይህን ለመማር ከላቪንግተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በንጎንግ መንገድ በኩል፣ ከኪቤራ ጫፍ ያለው ቶይ ገበያ የሚቱምባ፣ በእኛ አነጋገር የሰልባጅ፣ ትልቅ ሰፈር ነው። ባርኔጣ የሚደረድሩት ሻጮች ጋ ይሂዱ፤ እያገላበጡ ክፈፉን በሁለት ጣት ያሹ፣ የውስጡን ቆዳ ገልጠው ስፌቱን ይዩ። እግረ መንገድዎን ጥሩ ነገር ካገኙ ይግዙ፤ በጥቂት መቶ ሽልንግ የተገዛ ባርኔጣ ጨረታ ላይ ከሚከፈል ትምህርት ይረክሳል። ለሴቶች ባርኔጣ ፍላጎት ያላት አንባቢም እዚያው ትጀምር፤ በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ቀን የሚደፋው ዓይነት ጌጠኛ ባርኔጣ በሰልባጅ ክምር ውስጥ አይጠፋም።

ፍለጋው

ኢቤይ ላይ «አሮጌ ባርኔጣ» ብሎ መፈለግ ባሕር ውስጥ መግባት ነው። በዓይነት ይፈልጉ፦ ፌዶራ፣ ሆምበርግ፣ ትሪልቢ፣ ፓናማ፣ ቴራይ፣ ፒዝ ሄልሜት። በዚያ ላይ የድርጅት ስምና የልክ ቁጥር ይጨምሩ። «ቪንቴጅ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ «ቪንቴጅ ስታይል» ከተባለ ደግሞ አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለፉት። ፍለጋዎን ያስቀምጡና አዲስ ሲወጣ መልእክት ይምጣልዎ። የተሸጡ ዕቃዎችን የሚያሳየውን ማጣሪያም ይክፈቱ፤ ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋና ገዢዎች በእርግጥ የከፈሉት ዋጋ በጣም ይራራቃሉ። የሚፈልጉትን ዓይነት ለጥቂት ሳምንታት ሳይጫረቱ ይከታተሉ።

ከኢቤይ ሌላ የእንግሊዝ አገር የጨረታ ቤቶች ዕቃቸውን በአንድነት የሚያወጡበት ዘ ሴልሩም አለ፤ የቅኝ ግዛት ዘመን የቡሽ ባርኔጣዎችና የወታደር ቆቦች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ካታዊኪ የተባለው የኔዘርላንድስ ጨረታም አንዳንድ የጣሊያን ባርኔጣ ያወጣል።

ውስጡን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሻጩን በትሕትና አምስት ፎቶ ይጠይቁ፦ ገበሩ፣ የውስጡ ቆዳ ዙሪያውን፣ ቆዳው ተገልጦ ከጀርባው፣ የክፈፉ ጠርዝ በቅርበት፣ እና ባርኔጣው ወደ መስኮት ብርሃን ተይዞ ከውስጥ በኩል። የመጨረሻው ፎቶ ብል የበላውን ያጋልጣል፤ ከውጭ በብሩሽ የተሸፈነ ቀዳዳ ብርሃን ሲያልፍበት እንደ መርፌ ቀዳዳ ይታያል። ሻጩ ይህን ፎቶ ለመላክ እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ባርኔጣው ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

በቆዳው ላይ የታተመው ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። ስቴትሰን በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፊላደልፊያ የተመሠረተ የባርኔጣ ድርጅት ነው፤ የዚያ ከተማ ፋብሪካው በ1971 ተዘጋ። ቦርሳሊኖን ጁዜፔ ቦርሳሊኖ በ1857 በጣሊያን አሌሳንድሪያ ከተማ አቋቋመው። ስሙ በገበሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በቆዳውም ላይ መኖሩን ይመልከቱ። ገበር ተነቅሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሰፋ ይችላል፤ በወርቅማ ቀለም በቆዳ ላይ የታተመ ማኅተም ግን እንደዚያ በቀላሉ አይዛወርም።

የአሜሪካ ባርኔጣ ከሆነ ከቆዳው ጀርባ የተሰፋች ትንሽ የሠራተኛ ማኅበር ወረቀት ይፈልጉ። ዩናይትድ ሃተርስ የተባለው የባርኔጣ ሠሪዎች ማኅበር በ1934 ከኮፍያና ከሴቶች ባርኔጣ ሠሪዎች ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ስሙ ረዘመ። ወረቀቷ ላይ የድሮው አጭር ስም ካለ ባርኔጣው በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ሁሉንም የሚጠቅሰው ረጅም ስም ካለ ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ «የ1920ዎቹ» ብሎ የጻፈውን በዚህች ወረቀት መመርመር ይቻላል፤ ብዙ ሻጮች ራሳቸው ቆዳውን ገልጠው አይተው አያውቁም።

የቆዳው አሰፋፍ ሌላው ምልክት ነው። በጥሩዎቹ አሮጌ ባርኔጣዎች ቆዳው ከፌልቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ውስጡ ቀጭን ክር ገብቶበት ይሰፋል፤ ከኋላ በኩል የቆዳው ሁለት ጫፎች የሚገጥሙበት ቦታም በትንሽ ጥብጣብ ይታሰራል። ቆዳው እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም ከፌልቱ ተለይቶ ከተንጠለጠለ፣ የጥገናውን ዋጋ ከሚሰጡት ላይ ይቀንሱ። የላብ ጥቁረት ብዙ አያስፈራም። የተሰነጠቀ ፌልት ግን ተስፋ የለውም።

የፓናማ ባርኔጣ የሚሠራው ኢኳዶር ነው። የዚህን ገለባ ሽመና ዩኔስኮ በ2012 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አሮጌ ፓናማ ሲደርቅ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከአናቱ ፊት ለፊት፣ በጣት ተቆንጥጦ የሚነሣበት ቦታ ላይ፣ ስንጥቅ መኖሩን አጥብቀው ይጠይቁ። ሻጩ ጠቅልሎ እንዳይልከውም አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

የቡሽ ባርኔጣ ሲገዙ ሁለት ዓይነት መኖሩን ይወቁ። አንዱ ሶላ ከተባለው የሕንድ ተክል ውስጠኛ አካል የሚሠራው፣ እጅግ ቀላልና በቀላሉ የሚሰበረው ነው፤ ሌላው ከእውነተኛ ቡሽ የሚሠራው፣ ጠንካራና ከበድ ያለው። ሻጩ በጣቱ ቀስ ብሎ ሲጫነው ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተሰብሯል ማለት ነው። የቴራይ ባርኔጣ ደግሞ ሁለት ፌልት ተደራርቦ የሚሠራ ሰፊ ክፈፍ ያለው ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሰፈሩ እንግሊዛውያን ይደፉት ነበር። ከውስጥ ቆዳው ላይ «ናይሮቢ» የሚል የሱቅ ማኅተም ያለበት ካገኙ፣ እኔ ብሆን ከሌላው ጥቂት ጨምሬ እጫረትበታለሁ።

እጅዎን የሚሰበስቡባቸው

ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ጨርሶ አይጫረቱ።

የመጀመሪያው የዱር አራዊት አካል ያለበት ነው። የአሮጌ ሳፋሪ ባርኔጣ ጥብጣብ አንዳንድ ጊዜ የነብር ቆዳ ነው። ነብር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ በጥብቅ ከሚጠበቁት ከመጀመሪያው መዝገብ ውስጥ ነው፤ አንበሳም በሁለተኛው መዝገብ አለ። የኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ አካል ይዞ መገኘትን በከባድ ገንዘብና በዓመታት እስራት ይቀጣል፤ አሮጌ ነው፣ ከውጭ ገዛሁት ማለትም ፈቃድን አይተካም። ሻጩ «ጥብጣቡን አውልቄ እልካለሁ» ቢልም የእንስሳው ስም በጨረታው ገጽ ላይ ከተጻፈ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። የማያውቁት ወፍ ላባ ያለበትንም ይለፉ።

ሁለተኛው የእኛው ነው። በጨረታዎች ላይ አልፎ አልፎ «የአቢሲንያ የጦር አለቃ ጎፈር»፣ «የኢትዮጵያ ካህን ዘውድ» የሚል ይወጣል። ከ1868 የመቅደላ ዘረፋና ከጣሊያን ወረራ ዘመን የወጡ ዕቃዎች ዛሬም በግለሰቦች እጅ ይዞራሉ። በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች ለጨረታ ቀርበው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠይቆ ከሽያጭ ወጥተዋል። ሲራክ አስፋው የተባለው ኢትዮጵያዊ በሮተርዳም ቤቱ አንድ እንግዳ በተወው ሻንጣ ውስጥ በ1998 ያገኘውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቆ፣ በ2020 የካቲት ወር በኔዘርላንድስ መንግሥት በኩል ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ አድርጓል፤ ዘውዱ የትግራዩ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። እርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ካዩ፣ ለማዳን ብለው እንኳ ዋጋ አይስጡ፤ ተጫራች በበዛ ቁጥር ገበያው ይደምቃል። ገጹን ፎቶ ያንሱ፣ የዕቃውን መለያ ቁጥርና የሚዘጋበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ናይሮቢ ላለው ኤምባሲያችንና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ያሳውቁ። ጨረታ ከመዘጋቱ በፊት የደረሰ መልእክት ከተዘጋ በኋላ ከሚደርሰው እጅግ ይሻላል።

ላቪንግተን በር ላይ የሚደርሰውን ዋጋ ያስሉ

ባርኔጣ ቀላል ነው፤ ሳጥኑ ግን ሰፊ ነው። ፈጣን መልእክተኞች የሚያስከፍሉት በኪሎው ወይም በይዘቱ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። 40 በ35 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ይዘቱ 28,000 ነው፤ በ5,000 ሲካፈል 5.6 ኪሎ ይሆናል። መቶ ምናምን ግራም የሚመዝን ባርኔጣ በ5.6 ኪሎ ሂሳብ ይጓዛል ማለት ነው። ስለዚህ ከመጫረትዎ በፊት የሳጥኑን ልክ ይጠይቁ፤ በመንግሥት ፖስታ የሚልክ ሻጭ ካለ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይረክሳል፣ ቢዘገይም።

ከዚያ ጉምሩክ አለ። ቀረጥ የሚሰላው በባርኔጣው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመሩበታል፤ በዚያ ሁሉ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ለምሳሌ በ40 ዶላር የተገዛ ባርኔጣ 45 ዶላር ማጓጓዣ ቢኖረው መነሻው 85 ነው። ቀረጡ 25 በመቶ ቢሆን 106 ዶላር ይደርሳል፤ ታክሱ ሲጨመር 123። ሌሎች ትንንሽ ክፍያዎችም አሉ። ቀረጡ በየበጀት ዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ወይም ከሚያደርስልዎ ድርጅት ያረጋግጡ። ሻጩን «ስጦታ ነው ብለህ ጻፍ» አይበሉት፤ ሐሰተኛ መግለጫ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋም የሚጠይቁት ካሳ በተጻፈው ዋጋ ልክ ይሆናል።

በእንግሊዝ ጨረታ ቤቶች ሌላ ተጨማሪ አለ፤ የገዢ ኮሚሽን። በ40 ፓውንድ ያሸነፉት ባርኔጣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን 10 ፓውንድ፣ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ታክስ ሲታከል 2 ፓውንድ፣ በድምሩ 52 ይሆናል። ብዙዎቹ ራሳቸው አያሽጉም፤ የሚያሽግ ሌላ ድርጅት ይጠቁሙዎታል፣ እሱም ያስከፍላል። ይህን ሁሉ ደምረው ለማውጣት ካሰቡት ገንዘብ ላይ ሲቀንሱ የሚተርፍዎትን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። የመጨረሻ ዋጋዎ እሱ ነው።

የጨረታው ሰዓት

ኢቤይ ላይ ከፍተኛውን ዋጋዎን አንድ ጊዜ ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይጨምርልዎታል። 65 ዶላር ቢያስገቡና ቀጣዩ ሰው 40 ላይ ቢያቆም የሚከፍሉት 41 ነው። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ከሰው ጋር እልህ መጋባት ምንም አይጠቅምም፤ ሌሎችን ያነሣሣል። ዋጋዎን በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ይስጡ። መብራት በሚጠፋበት ወይም ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀን ግን ያንን አይጠብቁ፤ አስቀድመው ሙሉውን ቁጥር አስገብተው ይተኙ።

የሚዘጋበትን ሰዓት በትክክል ይቀይሩ። በሐምሌ ወር በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ 6፡00 ፒኤም ተብሎ የተጻፈ ጨረታ፣ የናይሮቢ ስልክዎ ላይ 4፡00 ኤኤም ሲል ይዘጋል፤ ያም በእኛም በስዋሂሊውም አቆጣጠር ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰዓት ይዘገያል። እንግሊዝ ውስጥ እሑድ 8፡00 ፒኤም የሚዘጋው በበጋቸው ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 5 ሰዓት ነው።

ክፍያና ማድረስ

ካርድ ከሌለዎት ሳፋሪኮም ከቪዛ ጋር በ2022 ያወጣው ኤም-ፔሳ ግሎባል ፔይ ከስልክዎ ላይ የካርድ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ፔይፓልም ከኤም-ፔሳ ጋር ይገናኛል። ክፍያውን ሁልጊዜ በጨረታው ድርጅት በኩል ይፈጽሙ። «ውጭ ለውጭ ከላኩልኝ ዋጋ እቀንሳለሁ» የሚል ሻጭ ካለ ይራቁ፤ ገንዘቡ ከዚያ ከወጣ የሚጠይቁለት የለም።

አድራሻ ላይ «ጄምስ ጊቹሩ መንገድ፣ ላቪንግተን» ብቻ መጻፍ አይበቃም። በመንግሥት ፖስታ የሚመጣ ዕቃ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና የስልክ ቁጥር ይፈልጋል። በመልእክተኛ የሚመጣ ከሆነ የሕንጻውን ስም፣ የበሩን ቁጥርና የስልክ ቁጥርዎን በግልጽ ይስጡ፤ ለዘበኛውም አስቀድመው ይንገሩት። ሻጩ ሁለት ሳጥን እንዲጠቀም፣ የባርኔጣውን አናት ከውስጥ በለስላሳ ወረቀት እንዲሞላ፣ ክፈፉ ምንም እንዳይነካ አናቱን ወደ ታች ገልብጦ እንዲያስቀምጥ ይጻፉለት። የግዢውን ደረሰኝ አትመው ይያዙ። «ዕቃዎ ፖስታ ቤት ታግዷል፣ ይህን ሊንክ ተጭነው ይክፈሉ» የሚል የስልክ መልእክት ቢመጣ አይክፈቱት፤ በቀጥታ ደውለው ይጠይቁ።

ሳጥኑ ሲመጣ

ሲከፍቱ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። የኢቤይ ዋስትና ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነውና፣ ከተገለጸው የተለየ ነገር ካዩ በዚያው ቀን ይጻፉ።

ከሌላ ልብስ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ወዲያው አያስገቡት። በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ የብል እንቁላል የሚሞተው እንዲህ ነው። ሲያወጡት ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ጤዛው ፌልቱ ላይ ያርፋል። የቡሽና የሶላ ባርኔጣ ግን ፍሪዘር አያስገቡ፤ በጥንቃቄ ብቻ ይጥረጉት።

ከ1941 በፊት የተሠራ የፌልት ባርኔጣ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ። ያኔ የእንስሳው ጸጉር ለመዳመጥ የሚዘጋጀው በሜርኩሪ ነበር፤ አሜሪካ ይህን ያቆመችው በዚያ ዓመት ነው፤ ቅሪቱም በአሮጌ ፌልት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን በጓንት ይያዙ፣ ቤት ውስጥ እንፋሎት አያሳዩት፣ ለልጅ መጫወቻ አይስጡት፣ በየቀኑም አይድፉት። መስታወት ባለው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል።

የኋለኛ ዘመን ባርኔጣ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከፊት ጀምረው በግራ በኩል ወደ ኋላ ይቦርሹት። የተጣመመ ክፈፍ ከማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት ለጥቂት ሴኮንድ ተይዞ በእጅ ይቃናል። የደረቀውን የውስጥ ቆዳ ትንሽ የቆዳ ቅባት በጨርቅ አስነክተው ከጀርባው በኩል ይቀቡትና ሌሊቱን ይተዉት፤ ፌልቱን ቅባት እንዳይነካው በመካከላቸው ወረቀት ያስገቡ። በረጅሙ ዝናብ ወቅት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቁም ሣጥኑን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ከፍተው አየር ያስገቡለት፤ የላቪንግተን ዛፎች ጥላ ያለበት ክፍል እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከቆዳው ሥር ነው።